አሥራ ሰባተኛው ዋቢ

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በመነጽር ቤቱ መሀል የተጣበቀች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቷን የኮሌጁ ሰዎች «ወይዘሮ ነጥብ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣም። ሌላዋ ሴት ወርቋ ሲጠፋ የምትደነግጠውን ያህል፣ እሷ ከአንድ መስመር መጨረሻ ነጥብ ስትጠፋ ትደነግጣለች።

ትምህርቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ በላይ ያለውን የተማረችው በሰው ወረቀት ነው። ስለ ስንዴ በሽታ፣ ስለ ዓሣ ሆድ ትል፣ ስለ ድልድይ ስንጥቅ፣ ታይፕ ያላደረገችው ጥናት የለም። ምን ይላል ብትባል «እኔ ምን አውቄ!» ትላለች። ነገር ግን ያ ሁሉ ሊቅ ጥናቱን ጨርሶ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ፣ ያነበባቸውን ጽሑፎች የሚደረድርበት የዋቢ ዝርዝር ላይ ሲደርስ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው እሷን ፍለጋ ይመጣል። አንዱ ጆርናል ዓመተ ምሕረቱን ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ይፈልጋል፤ ሌላው ከመጨረሻ። አንዱ የመጽሔቱ ስም ጋደል ባለ ፊደል ይጻፍልኝ ይላል፤ ሌላው አሳጥሩት ይላል። እሷ ይህን ሁሉ የጎረቤት ልጆችን ጠባይ እንደምታውቅ ታውቀዋለች። «ይኼኛው ኮማ ይወዳል፤ ያኛው ደግሞ ቅንፍ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም» ትላለች።

ቁጥሩን በራሱ የሚደረድር ፕሮግራም እንዳለ ነግረዋታል። አሳምራ ታውቀዋለች። አንድ ቀን የአንዱን የከብት ሐኪም አርባ ዋቢ እንዳለ ውጦበት፣ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ አይታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጥሩን አንድ በአንድ በእጇ ነው የምትጽፈው። «ማሽን ቢሳሳት ማንን ይቆጡታል? እኔን ግን ቢያንስ ይቆጡኛል» ትላለች።

እንግዲህ ይህች ሴት አባት አላት። ሰፈሩ «አባ ዝናብ» ይላቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጠባቂ ነበሩ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ በቀዳዳ ክዳኑ ከሚገባበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያደረውን ውኃ በመስፈሪያው ብርጭቆ በሚሊሜትር ለክተው፣ ደብተር ላይ ያሰፍሩ ነበር። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በአጥር ላይ እያዩ «አባ ዝናብ፣ ዛሬ ልጠብ ወይስ ልተወው?» ሲሏቸው፣ «እኔ የምለካው የወረደውን ነው፤ ስለሚወርደው አውራጁን ጠይቂ» ይሉ ነበር።

ጣቢያው ተዘጋ። አጥሩን ነቅለው ወሰዱት፤ ጣሳውን ግን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። እሳቸው ወደ ጓሯቸው ወስደው ተከሉትና፣ ማንም ሳያዛቸው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ለኩ። በዓመት አንድ ደብተር፣ አሥራ አንድ ደብተር። ዝናብ ባልጣለበት ቀን «0» ብለው ይጽፋሉ፤ መስመር ዘለው አያውቁም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኙ ተምታትቶባቸው ከጓሮው በር ላይ ሲወድቁ፣ ቀኝ ጎናቸው ሲከዳቸው፣ ልጃቸው ጮኻ ጎረቤት ስትጠራ፣ በተጣመመ አፋቸው ያሉት «መጀመሪያ ለኪው» ነው። አምቡላንሱ ደጅ ቆሞ እሷ ከጣሳው ውኃ ስትቀዳ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። ሦስት ነጥብ አራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምትለካው እሷ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ ለክታ፣ ጽፋ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቋን ትከፍታለች። እሳቸው በመስኮቱ አጠገብ በተዘረጋው አልጋ ላይ ሆነው፣ የጓሮው በር ሲከፈትና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ስታነሣው ያያሉ። «ዓይንሽን ከውኃው እኩል አድርጊ» ይላሉ በየቀኑ። በየቀኑ!

የኮሌጁ ዶክተር የመጣው እሳቸው ከመታመማቸው በፊት ነው። ዶክተር ሲባል ሰፈሩ መጀመሪያ ጉልበቱንና ወገቡን ይዞለት ሄዶ ነበር፤ የአፈርና የውኃ ዶክተር መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ደግ ሰው ነው፤ የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ውሻና የጆርናል አዘጋጅ። ያጠና የነበረው ዝናቡ እያጠረ መምጣቱን ሲሆን፣ ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው መሥሪያ ቤት የያዘው የሃያ ዓመት ቁጥር ጣቢያው ሲዘጋ ተቋረጠበት። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ነጥብ «አባባ እኮ አሁንም ይለካሉ» ያለችው። ዶክተሩ ደብተሮቹን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«አባት፣ ይኼ ወርቅ ነው! በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዎታል። ከሊቃውንቱ ጋር ይሰለፋሉ።»

«ቁጥር ይኖረኛል?» አሉ።

«ይኖርዎታል።»

አሥራ ሰባት ደረሳቸው። አሥራ ስድስት መሥሪያ ቤቱ፣ አሥራ ሰባት እሳቸው፣ አሥራ ስምንት ስለ ወንዝ ደለል የጻፉ ሦስት ሰዎች። ወይዘሮ ነጥብ በሕይወቷ እንደዚያ መስመር ተጠንቅቃ የጻፈችው ነገር የለም፤ ስሙ፣ ዓመቱ በቅንፍ፣ «የዕለት የዝናብ መጠን፣ በእጅ የተጻፈ ደብተር፣ አሥራ አንድ ጥራዝ»፣ ነጥብ። ከታመሙ በኋላ ደግሞ አመሻሽ ላይ ዝርዝሩን ከአንድ እስከ ስልሳ ሦስት ታነብላቸው ጀመር። የራሳቸው መስመር ላይ ስትደርስ ደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨበጥ ያደርጋል። ከዚያ «ወጣ?» ይሏታል። «ገና ነው አባባ።» «እሺ፤ ቀጥዪ፣ ደለሎቹ ጋ ነን።» ከሆስፒታሉ ኪኒን ይልቅ ያቆያቸው ይኼ ነው ያለችው እሷ ናት፤ እኛም አልተከራከርናትም።

ረቡዕ ቀን ዶክተሩ መጣ። በር ላይ ቆሞ ጃንጥላውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

«ይግቡ እንጂ ዶክተር፤ ጃንጥላውን ሊሸጡልኝ ነው?»

«ከጆርናሉ መልስ መጣ።»

«ለሦስተኛ ጊዜ! ምን ጎደለ አሉ ደግሞ? ኮማ?»

ወረቀቱን ሰጣትና የመነጽር ቤቱን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ። ሃያ ሁለት እርማት ተጽፏል። እሷ በእርሳስ እየነካች ወረደች። «ይቺ ላይ ትክክል ናቸው… ይቺን አላዩም፣ የገጹ ቁጥር አለ እኮ… ይቺ የእርስዎ ጥፋት ናት፣ እኔ ነግሬዎት ነበር…» እርሳሷ ቆመ።

እንግሊዝኛዋ እንደ ነገሩ ነው፤ ግን ለዚህ ይበቃል። አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው የማይችል ምንጭ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ቁጥር 17 ይሰረዝ፤ በጽሑፉ ውስጥ «በአካባቢው ተመልካች የተለካ» ይባል ይላል። ከታች፣ እርማቱ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ጽሑፉ ውድቅ ይሆናል ይላል።

«ተመልካች?» አለች ቀስ ብላ። «ዶክተር፣ ተመልካችማ ኳስ ሜዳም ሞልቷል።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ።»

«ቆመው አይደለም እኮ ያዩት። ለክተው ነው።»

«አውቃለሁ። ምስጋናው ውስጥ እናስገባቸዋለን። ከሾፌሩ ቀጥለን…»

«ምስጋና ቁጥር አለው?»

«የለውም።»

«ትክክል ነው አይደለም ብሎ ምስጋናን የሚያጣራ ሰው አለ?»

ዶክተሩ ጃንጥላውን መልሶ ዘረጋ። ሃያ ዓመት ሲማር የኖረ ሰው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥያቄ ሲያዝ ደስ አይልም።

«ባንሰርዘውስ?» አለች።

«ወረቀቱ ይወድቃል። የሳቸውም አሥራ አንድ ዓመት አብሮ ይወድቃል። ቁጥሮቻቸው ሥዕሉ ላይ አሉ፤ ሥዕሉ ይታተማል። መስመሩ ብቻ ነው…»

«መስመሩ ብቻ» አለች፤ እሷም የመነጽር ቤቱን ማስታወቂያ ማየት ጀመረች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሐሙስ ጠዋት ከለካች በኋላ ሱቋን ሳትከፍት አሥራ አንዱን ደብተር በከረጢት ይዛ አባቷ ይሠሩበት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ሄደች። ዶክተሩ «መሥሪያ ቤቱ ተቀብሎ መዝገብ ቤቱ ካስቀመጠው፣ አንባቢ ሊያገኘው ይችላል ማለት እንችላለን» ብሏት ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለጡረታ የደረሰ፣ ሹራቡን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠ። እጁ ላይ ሲቆዩ አይታ ተስፋ አደረገች።

«ጽሕፈታቸው እንዴት ያምራል» አለ። «ጣቢያው የተዘጋው መቼ ነበር?»

ነገረችው።

«እንግዲያው ከዚያ በኋላ የዘነበው እኛን አይመለከትም።»

«ዘንቧል እኮ፣ ጋሼ!»

«ሊዘንብ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን የለም።»

«እናንተ ዘንድ እንዲኖር እኮ ነው ያመጣሁት።»

«እህቴ፣ ያላዘዝነውን ልኬት ብንቀበል፣ ነገ አንዱ በድስት ለክቶ ይመጣል።» ክፉ ሰው አልነበረም። ስትወጣ የከረጢቷ ማንጠልጠያ ሲበጠስባት፣ ከጠረጴዛው ሥር ሲባጎ አውጥቶ ደብተሮቹን አሥሮ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጥብቆ ሰጣት። ደህና አድርጎ አሰራቸው። ይህን እንኳ ማለት ይቻላል።

ዶክተሩም በበኩሉ ለአዘጋጁ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተመለሰለት፤ ስለ ማብራሪያዎ እናመሰግናለን፤ ውሳኔያችን አልተለወጠም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ለካ እንደዚህ ነው። ወይዘሮ ነጥብ አልተቆጣችውም። እሱ የጻፈውን ደብዳቤ ስታነብ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነጥብ እንደጎደለችው አየች፤ አልነገረችውም። ያን ቀን አባቷ «ወጣ?» ሲሏት «ሊወጣ ነው» አለች። ዝርዝሩን ግን ራሴን አሞኛል ብላ አላነበበችም።

ዓርብ ለሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ስትነሣ መንገዱ ሁሉ ኩሬ ሆኖ ነበር። ዶክተሩ በማለዳ እመጣለሁ ስላላት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣች። አባቷ የተኙ መስሏት በሩን በቀስታ ዘጋች። ኩሬውን እየዘለለች ስትሄድ በጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ተቀመጡ። መስመሩ ተመርጦ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃል።

«እርስዎ ይጫኑት» አለች።

«እኔ? ኪቦርዱ ያንቺ ነው።»

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው።»

ደጅ ያለ ተማሪ «እባካችሁ፣ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር» አለ። ወይዘሮ ነጥብ «ቆይ!» ብላ ጮኸችበት፤ በሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ጣቷ በዚያው ቁልፉ ላይ ወረደ። አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት እጅ ለእጅ ተያያዙ። በመካከላቸው ሰው የነበረ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ነው። አሥራ ስምንቱን አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኙን አሥራ ስምንት ማድረግ። ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚኬደው፤ ከኋላ ከተጀመረ ሁለት ስልሳ ሁለት ይፈጠራል። መጀመሪያ ዝርዝሩን፣ ቀጥሎ በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ያለውን ሁሉ። ፕሮግራሙ ቢሆን በዓይን ጥቅሻ ይጨርሰው ነበር። እሷ በእጇ፣ አርባ ስድስት ሰው ከአባቷ ጀርባ እየጠራች፣ አንድ ደረጃ ወደፊት እያራመደች፣ አራት ሰዓት ያህል ፈጀባት። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዶክተሩ ላከው። ውጭ ደግሞ ካፊያ ጀመረ።

«ጨረስን» አለ ዶክተሩ።

«ጨረስን» አለች።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ አዲሱን ዝርዝር አትማ ወደ ቤት ሄደች። በመንገድ ላይ ምን እንደምታደርግ ወስናለች፤ ዝርዝሩን ታነባለች፣ አሥራ ሰባት ላይ የሳቸውን መስመር በቃሏ ትላለች። በቃሏ ስንት ጊዜ ብላዋለች! መስማት እንጂ ማንበብ አይችሉም፤ መነጽራቸው ከተሰበረ ቆይቷል። ማንን ይጎዳል?

አባቷ ትራሳቸው ላይ ደገፍ ብለው ወደ ጓሮው ያያሉ። ምሳቸውን ያበላቻቸው ጎረቤታችን ሳህኑን ይዛ ስትወጣ «ዛሬ ዝም ብለዋል» ብላ በጆሮዋ ነገረቻት።

«አባባ፣ ተላከ! አለቀ!»

«እንዲያ ነው?» አሉ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

ከአንድ ጀመረች። ድምጿ ጥሩ ነበር። እስከ አሥር እንደ ውኃ ወረደችው። አሥራ ስድስት፣ መሥሪያ ቤቱ። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ነቅላ «አሥራ ሰባት» አለች፤ የሳቸውን መስመር ሙሉውን፣ ዓመቱን፣ ደብተሩን፣ አሥራ አንዱን ጥራዝ አለችው። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። ያቺ በሕይወቷ የተጻፈን ቁጥር አዛብታ አንብባ የማታውቅ ሴት፣ ጣቷ ያረፈበትን እንዳለ አነበበችው።

«አሥራ ሰባት። ስለ ወንዝ ደለል…»

አቆመች።

እሳቸው ወደ ጓሮው እያዩ ነው። ደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን አልጨበጠም።

«መጨረሻው ስንት ነው?» አሉ።

ምን ትበል? «ስልሳ ሁለት።»

«ስልሳ ሦስት ነበር።»

«አባባ…»

«ጠዋት ነው ያወቅኩት» አሉ። ቃላቱ በዝግታ ነው የሚወጡላቸው፤ አንዱን አስቀምጠው ሌላውን ያነሣሉ። «ትናንት አላነበብሽልኝም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ሆነ። በሩ አልተከፈተም። አንቺ ልትለኪ ካልወጣሽ፣ አንድ ነገር ተሰርዟል አልኩ።»

ወይዘሮ ነጥብ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወረቀቱን ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እንደዚያ ስትሮጥ አጥር ለአጥር የምንኖር ሁሉ አየናት። ጣሳውን ከፈተች። ውኃ አለ፤ ብዙ ውኃ አለ። የለሊቱና የስድስት ሰዓቱ ካፊያ እዚያው ውስጥ ተቀላቅለው ተኝተዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል? ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። ብትለካው የምን ልኬት ይባላል? ብትደፋውስ?

በመስኮቱ ውስጥ አባቷ ያዩዋታል። በግራ እጃቸው ነይ አሏት።

ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከረቡዕ ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው እንባ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ደግሞ መጣ።

«ለጎረቤቲቱ ለምን አልነገሯትም?» አለች፤ መቆጣት ስለቀለላት።

«ባለፈው በመስፈሪያው ብርጭቆ አበባ አላጠጣችም?» አሉ። አፋቸው በደህናው በኩል ትንሽ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ተመለሰ። «ደብተሩን አምጪ።»

አመጣች። የዛሬውን መስመር አገኘች። ከላይ የትናንቱ አለ፣ በሷ ጽሕፈት፤ ወደ ኋላ ቢገለጥ የሳቸው ጽሕፈት አለ፤ ቁጥር፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ቁጥር፣ አንድም ያልተሞላ ሳይኖርበት እስከ መጀመሪያው ደብተር።

«ዜሮ ልበል?» አለች በለሆሳስ።

«ዘንቧል እኮ።»

«እንግዲያው በግምት… መንገዱ ላይ ያየሁትን ኩሬ…»

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልለካሁትን ለካሁ ብዬ አላውቅም። ሰረዝ አድርጊበት።»

«አባባ፣ ሰረዝ የለበትም እኮ ደብተሩ። አንድም የለበትም።»

«አሁን ይኖርበታል።»

እርሳሱን ያዘች። ለሌላው ሰው ሰረዝ ማለት የጣት እንቅስቃሴ ናት። እሷ ማስመሪያ አምጥታ፣ አስደግፋ፣ ቀስ ብላ አሰመረችው። ቀጥ ያለ ሆነ። ከዚያ ወረቀቱ መሬት ላይ እንደተጣለ ትዝ አላትና ልታነሣው ጎንበስ ስትል፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ሰማች፤ አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ ብዙ። አባቷም ሰሙት። ሁለቱም ክዳኑ የተከፈተውን ጣሳ አዩት።

«ልከድነው?» አለች።

«መክደኛውን ብቻ አስተካክዪው። ቀዳዳውን እንዳትዘጊበት።» ትንሽ አዳመጡ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ለኪው። አጠገቡ የሁለት ቀን ነው ብለሽ ጻፊ።»

«ማን ያነበዋል አባባ?»

እሳቸው ጣሳውን ያያሉ። ዝናቡ እየከበደ ስለመጣ ላይሰሟት ይችላሉ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ ጣሳውን ልታስተካክል ወጣች።